የቀበሌው አዳራሽ ድምፅ

በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ባለቤቴ ፊዚክስ፣ እኔ ሒሳብ እናስተምር ነበር። የምንኖረው ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው። የአማቴ ጆሮ ደከም ያለ ነበር። ቤት ውስጥ ቀረብ ብለን ስናወራቸው ይሰማሉ፤ ቀበሌ ለስብሰባ ሲሄዱ ግን አንድም ነገር ሳይሰሙ ውለው ይመለሳሉ።

አዳራሹ ውስጥ ጤነኛ ጆሮ ያለውም ቢሆን አይሰማም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ልስን ሲሚንቶ ስለሆነ የተናጋሪው ቃል እየተመለሰ ከሚቀጥለው ጋር ይደባለቃል። ሊቀመንበሩ ባለቤቴን አስጠራው።

«ጓድ መምህር፣ ሕዝቡ አልሰማንም እያለ አስቸገረን። የድምፅን ነገር አንተ ታስተምር የለም እንዴ? አንድ መላ ፈልግልን።»

ደስ ብሎት ተነሳ። ዛሬ በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራውን ሥራ በማስመሪያና በእርሳስ ጀመረው። የአዳራሹን ንድፍ ወረቀት ላይ አወረደ። ከመድረኩ መስመር እያወጣ፣ መስመሩ ግድግዳ ሲመታ በገባበት ማዕዘን ልክ እየመለሰ፣ ድምፁ የት የት እንደሚሄድ ተከተለ። ስሌቱ የኔ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት የሚጠብቀው ወንድሙ ደግሞ በበሩ የሚገባውን ፀሐይ በመስታወት ይመልስልናል፤ ብርሃንም እንደ ድምፅ ነውና የሚነጥረው፣ ንድፋችንን በዚያ እናመሳክራለን። ተጫዋች ነበር። ጨረሩን ባለቤቴ ዓይን ላይ እየጣለ ይስቃል፤ እኛም ሥራውን ትተን አብረነው እንስቃለን።

ጥፋቱ የኋላው ግድግዳ ሆኖ ተገኘ። ከቀወት ገበሬዎች ገለባ አስመጥተን፣ በጆንያ ሞልተን ግድግዳውን አለበስነው፤ ከቆርቆሮው ሥር ሰሌን ወጠርን። ባለቤቴ መድረኩ ላይ ወጥቶ አጨበጨበ። ማስተጋባቱ ጠፍቷል።

ከዚያ በኋላ በተጠራው የመጀመሪያ ስብሰባ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ወጣቶች ስም ተነበበ። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል። የትንሹ ልጃቸው ስም ሲጠራ ምነው ባልሰሙት አልኩ። ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔን ልጅ ነው ያለው?»

ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ።

«ተይው፣ ልጄ። ጥርት ብሎ ተሰምቶኛል» አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ባለቤቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰም።

«እናትህ ባይሰሙትም ልጁን መውሰዳቸው አይቀርም ነበር» አልኩት።

«እሱን መች አጣሁት? ግን ቤታቸው ተቀምጠው፣ እጃቸውን ይዤ እኔ እነግራቸው ነበር።»

ወንድሙ ከሌሎቹ ጋር በመኪና ተጭኖ በጀውሃ በኩል ወደ ሰሜን ሄደ። እንደወጣ ቀረ። በደርግ መጨረሻ ሠራዊቱ ተበትኖ ወታደሮች በአስፋልቱ ላይ በእግራቸው ሲጎርፉ፣ አማቴ ውሃ ይዘው መንገድ ዳር ይውሉ ጀመር። ለሚያልፈው ሁሉ እያጠጡ የልጃቸውን ስም ይጠይቃሉ።

እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ አንድ ወታደር «የትኛው ጦር ውስጥ ነበር፣ እናቴ?» አላቸው።

«እሱን አላውቅም፣ ልጄ። ቀይ ነው፤ ሳቂታ ነው።»

የቀረችውን ውሃ ጨለጣት።

«አላየሁትም፣ እናቴ» አለና ጣሳውን መልሶላቸው መንገዱን ቀጠለ።