የእማማ ሀዋ ጣቶች

መንጌ ላይ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ጡታቸውን በራሳቸው እጅ እንዲፈትሹ ላስተምር ከአሶሳ ሄጄ የገጠመኝን ስሙልኝማ! ነርስ ነኝ። ለማስተማሪያ የያዝኩት የላስቲክ ጡት ውስጥ ሦስት እብጠቶች ተደብቀዋል። እማማ ሀዋ የሚባሉ ወርቅ አጣቢ ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስቱንም ወዲያው አገኟቸው!

«ወርቅ ስናጥብ ዓይን ሲደክም ጣት ነው የሚፈልገው» አሉኝ። ከዚያ ላስቲኩን ገፋ አድርገው፣ «ይሄ ሰው አይደለም። ሲስተር፣ አንተ ና!» አሉ፤ በእሳቸው አማርኛ ሴትም «አንተ» ናት።

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም እያፈርኩ ከመጋረጃ ጀርባ ጋደም አልኩላቸው። ጣታቸው ብብቴ ሥር ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ሲስተር፣ እዚህም አለ።»

ናሙናዬ ተመረመረ፤ ካንሰር ነው፤ ግን ገና አልተሰራጨም! ቀዶ ሐኪሜ፣ «ይቺን ሽምብራ የምታክል እብጠት ማን አገኘልሽ?» ሲለኝ አፌን ሞልቼ መለስኩለት፤

«ወርቅ አጣቢ!»