ዳገቱን የወጣው ሞተር

እኔና ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በኤሌክትሪክ የሚሄድ የገዛነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ እሱ ሞተር ሳይክል፣ እኔ ስኩተር። ያኔ ወልድያ ላይ ለቤንዚን ማደያ ደጅ ማደር ተጀምሮ ነበርና ሁለታችንም ብልጦች የሆንን መስሎን ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራችን አጥር ተደግፎ መጨቃጨቅ ሆነ።

እኔ መምህር ነኝ፤ ተከራክሮ መሸነፍ አይሆንልኝም። ስኩተሬ ቀላል ናት፤ ሽንኩርቱም ደብተሩም እግሬ ሥር ይቀመጣል፤ ባለቤቴ በቀሚሷ ያለ ችግር ትቀመጥባታለች። ከሁሉም በላይ ባትሪዋ ወልቆ እንደ ጀሪካን ተንጠልጥሎ ቤት ይገባል። የእሱ ግን ሆዱ ውስጥ የታሰረ ስለሆነ በየማታው ከመስኮቱ ገመድ ይዘረጋል። «ሞተርህን ጡት አጠባኸው?» እለዋለሁ። እሱም ኮብልስቶኑ ላይ ኩላሊቴ ሲናጥ እያየ በትንንሾቹ ጎማዎቼ ይስቃል። የክርክሩ መጨረሻ ሁልጊዜ ከገበያው ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያወጣው ዳገት ነው።

«የኔ ሁለት ሰው ጭኖ ይወጣዋል፤ ወላሂ!» ይላል።

«አይወጣም!»

እንሞክረው፣ እንሞክረው ስንል ጦርነቱ ከተማችን ገባ። መብራት ጠፋ፤ ስልክ ተቋረጠ፤ ባጃጆቹ ከመንገድ ጠፉ። እሱ ሞተሩን ጓሮ አስገብቶ በጭድ ሸፈነው። እኔ ግን አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ በባትሪዬ ላይ ሽቦ ቀጣጠለልኝና የሰፈሩ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ሆንኩ። ኔትወርክ ለሌለው ስልክ ቻርጅ ምን ይሠራል ብዬ ነበር፤ ለካ ሰው የሚመጣው ርቀው ያሉ ልጆቹን ፎቶ ለማየት ነው። ያን ጊዜ በጎረቤቴ ተናደድኩ። ሙሉ ባትሪ ጭድ ሥር ቀብሮ እንዴት ይተኛል? «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብዬ ፊት ለፊት ተናገርኩት።

ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች። ያለችን አንዲት አዋላጅ ነርስ ከዳገቱ በላይ ስለሆነች፣ ለዚያ ቀን የሚሆን ቻርጅ ለይቼ አስቀምጬ ነበር። አንድ ከሰዓት ግን የልጃቸው መድረሻ የጠፋባቸው አሮጊት ጎረቤታችን ስልካቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ።

«ፊቱ እየጠፋኝ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል ወሎዬ ካለ እኔ አላውቀውም። ሰካሁላቸው። ይህን የሰሙ ሌሎችም መጡ፤ ለአንዱ ሰጥቼ ሌላውን መመለስ አቃተኝ። ባትሪው ተሟጠጠ። በማግስቱ ጠዋት፣ ከቀኑ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ ምጡ መጣ።

ወደ ጎረቤቴ ደጅ ሮጥኩ። የሰደብኩትን ሰው ምን ብዬ ልለምን? እሱ ግን የባለቤቴን ጩኸት ባጥሩ ሰምቶ ኖሮ ጭዱን እየገፈፈ ነበር።

«ታጣቂዎቹ መንገድ ላይ ቢወስዱብህስ?» አልኩት።

«ይውሰዱታ! ለምን ቀን ነው ያስቀመጥኩት? ሂድ፣ አላህ በሰላም ይገላግላት።»

የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ የለውም። ጭር ባለው ገበያ መሃል ስናልፍ የሚሰማው የእሷ ማቃሰት ብቻ ነበር። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ሞተሩ ዝግ፣ ዝግ ብሎ ቆመ። ወርጄ ገፋሁት፤ እሷ መሪውን ጨብጣ፣ እኔ ከኋላ በትከሻዬ። የአንድ ዓመት ክርክሬን ማሸነፌ ትዝም አላለኝ። ፈርቼ ነበር፤ እያለቀስኩ ነበር የምገፋው።

ሴት ልጅ ወለደች። ከአዋላጇ አጥር አስደግፌው የነበረውን ሞተር ግን ስወጣ አጣሁት። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን፣ የምለውን መንገድ ሙሉ ስለማመድ ቆይቼ፣ ጎረቤቴ ደጅ ደረስኩ።

«ሞተርህን...» ስል አቋረጠኝ።

«ሰምቻለሁ። እናትየዋስ?»

«ደህና ናት።»

«ልጂቱስ?»

«ደህና ናት።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሁለት ሰው ጭኖ ዳገቱን ወጣ?»

«ሳያቃስት ወጣ» አልኩት።

ጭኑን መትቶ ሳቀ። «አላልኩህም!»

ዛሬ መብራት ተመልሷል። ገበያ የምንሄደው በኔ ስኩተር ነው፤ ባትሪዋ ስላረጀ ዳገቱ ላይ ስንደርስ እሱ ወርዶ ከኋላ ይገፋልኛል። እያለከለከ፣ «የኔ ሞተር ቢሆን ይሄኔ ደርሰን ነበር» ይላል።

«እውነትህን ነው» እለዋለሁ።