ሁለተኛው ፊርማ

ክፍሉ ንጹሕ ነበር፤ መጀመሪያ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ሁለት አልጋ፣ የታጠበ አንሶላ፣ ከውጭ የሚቆለፍ በር። አገር ቤት ታስሬ የቆየሁበት ክፍል ውስጥ በፈረቃ ነበር የምንተኛው። እዚህ፣ ኢቶቢኮ፣ የቶሮንቶ ኤርፖርት አጠገብ ባለው የስደተኞች ማቆያ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል እንጂ ማንም አይጮህም። እስር ግን እስር ነው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቶሮንቶ የደረስኩት በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ በሌላ ሰው ፓስፖርት ነበር። የኤርፖርቷ ኦፊሰር ድምፅዋን ከፍ ስታደርግብኝ በስፓኒሽ መለስኩላት። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ከብዙ ልጆች ጋር ኩባ ተልኬ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት፤ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲቆጣኝ አፌ ላይ የሚመጣው ያ ቋንቋ ነው። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያዊት ነኝ ብል ማን ይመነኝ? ማንነትሽ ይጣራ ተብዬ ገባሁ።

በአምስተኛው ሳምንት ለጥያቄ ተጠራሁ። አስተርጓሚው በደርግ ጊዜ ተሰደው ፓርክዴል የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሌላ ኦፊሰር፣ ለስላሳ ሴት፣ ስለ ኩባና አገር ቤት ጋዜጣ ላይ ስለመጻፌ ከሰማች በኋላ ምን እንደተማርኩ ጠየቀችኝ። የዘመነ አብርሆት፣ የአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የስፔን ጸሐፊዎችንና ገጣሚዎችን አልኩ። ሽማግሌው እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ በእንግሊዝኛ "ቋንቋ ነው የተማረችው" ብለው አሳጠሩት። እንግሊዝኛዬ ደካማ ቢሆንም ይህን ያህል አያመልጠኝም።

ኦፊሰሯ ወረቀት ልታመጣ ስትወጣ ጠጋ አሉኝ።

"እህቴ፣ ሴትየዋ ኮንፊውዝድ ሆናለች። ኩባ፣ ጋዜጣ፣ ስፔን... ስቶሪው በዛባት። ሲምፕል አድርጊው።"

"ምን ልበል፣ ጋሼ?"

"ስፓኒሽ የለመድኩት የኩባ ሐኪሞች ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው በያት። ቶሎ ሪሊዝ ያደርጉሻል። ሌላውን በኋላ ለሎየርሽ ትነግሪያለሽ።"

ክፋት የለባቸውም፤ እንድወጣ ፈልገው ነው። እኔም መውጣት ፈልጌ ነበር፣ በጣም። ሰው ቤት ተቀጥሮ መሥራት ነውር ሆኖብኝም አይደለም። ግን አገር ቤት አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ። ጋዜጣ ላይ ያወጣኋቸውን መጣጥፎች "እኔ አልጻፍኳቸውም፣ በስሜ ተጠቅመውብኝ ነው" በሚል ወረቀት ላይ ፈርሜ ነው የተፈታሁት። መርማሪው የሰጠኝ እስክሪብቶ አልጽፍ ብሎኝ ሌላ ለምኜ ነው የፈረምኩት። ይህን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ።

ኦፊሰሯ ተመልሳ ስትቀመጥ፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የምናገረውን ሳያሳጥሩ ይንገሩልኝ" አልኳቸው።

"እንደሱ ከሆነ እዚሁ ትቆያለሽ።"

"ልቆይ።"

ስለ እነዚያ ስፔናውያን በአማርኛ ለሰው አውርቼ አላውቅም ነበር፤ ቃላቱን እየፈለግሁ ተናገርኩ። የመሬት ሕጉ ለሚያርሰው ሰው እንዲመች ይስተካከል ብለው ስለጻፉት ሰውዬ፤ በኋላ ደሴት ላይ ግንብ ውስጥ ታስረው፣ ወረቀትና ብዕር ተከልክለው ስለመቆየታቸው፤ ሲፈቀድላቸውም ከግንቡ ስለሚታየው ዛፍና ድንጋይ ሳይቀር ስለመጻፋቸው። ስለ ፍቅር ሲገጥሙ ኖረው ስለ ገበሬው ድካም መግጠም ስለጀመሩት ገጣሚም ነገርኳት። እኔም ከእነሱ ተምሬ እንደጻፍኩ፣ የታሰርኩትም በጻፍኩት እንደሆነ ጨመርኩ። ሽማግሌው አንድ ቃል አልዘለሉም። ቃል ሲጠፋቸው መነጽራቸውን አውልቀው ያስባሉ፣ ኦፊሰሯም ትጠብቃቸዋለች።

ሁሉንም ጻፈች። ሽማግሌው መልሰው በአማርኛ አነበቡልኝ፣ ፈረምኩ። የተናገርሽው መረጋገጥ ስላለበት እስሩ ይቀጥላል አለች።

በሩ ላይ ሽማግሌው ቆም አሉ።

"እኚያ ሰውዬ ግን... ከግንቡ ወጡ?"

"ወጡ፣ ጋሼ። ዓመታት ፈጅቶ።"

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እኔ ተጨማሪ ስድስት ሳምንት ቆየሁ።

አሁን ኢስት ዮርክ ነው የምኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስፓኒሽ አስተምራለሁ። ስድስቱ ሳምንታት ቆጭተውኝ አያውቁም። እዚህ የወለድኳት ልጄ በቅርቡ ስሜን ኢንተርኔት ላይ ሰርች አድርጋ፣ ፎቶዬ ያለበት የድሮ ጋዜጣ አገኘች።

"ማሚ፣ ይሄ ያንቺ አርቲክል ነው?"

መርማሪውም የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

"አዎ" አልኳት። "እኔ ነኝ የጻፍኩት።"