የከፋይ ማንቆርቆሪያዎቹ እና ጋሽ ከበደ

ባለፈው ቅዳሜ ዊተን ካለው ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ የማውቀው ዘፈን ተለቀቀ። መጀመሪያ የሰማው ትከሻዬ ነው፤ እኔ ዘግይቼ ነው የነቃሁት። ልጄ ጋሪውን እየገፋች ራቅ አለችና «ማም፣ ፕሊስ፣ ፒፕል አር ሉኪንግ» አለችኝ፤ ሰው እያየን ነው ማለቷ ነው። በእሷ ዕድሜ እናት መኖሯ ራሱ ያሳፍራል፤ ስለዚህ አልተቀየምኳትም። ሽንኩርቱን እንደያዝኩ ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆምኩ። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። ቲማቲም የምትመርጥ አንዲት ሴትዮ ፈገግ ብላ አየችኝ። ያሳቁኝ የአክስቴ ባል ጋሽ ከበደ መሆናቸውን ብነግራት ምን ይገባታል?

በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ ቤት ቤዝመንቱ ውስጥ የገባሁት ሃያዎቹን ሳጋምስ ነው። ሥራ ያገኘሁት አርሊንግተን፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ነበር። ቀኑን ሙሉ መስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ትቶት የሄደ ሬዲዮ ነበር፤ የጣቢያ መቀየሪያው ተሰብሮ አንድ ቦታ ተቸክሏል። ያ ጣቢያ ደግሞ ከኒው ዌቭ ሌላ የሚያውቀው የለም። ኒው ዌቭ ማለት ፈረንጆች ፀጉራቸውን በሚያቆሙበት፣ ወንዱም ዓይኑን በሚኳልበት ዘመን የወጣ ሮክ ነው፤ ጊታሩ ቀጭን፣ ኪቦርዱ ብዙ፣ ዘፋኙ ይዘን ይቆጣ የማይለይ። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ። ቀጥሎ ለመድኩት። ወር ሳይሞላ ወደድኩት። ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ነው ብላችሁ እንዳትንቁብኝ፤ ስንት ትዳር የቆመው እንዲሁ ነው።

ከሁሉም ልቤን የወሰዱት ቬልቬት ኬትልስ የሚባሉ እንግሊዞች ነበሩ፤ በአማርኛ የከፋይ ማንቆርቆሪያዎች መሆናቸው ነው፤ ከፋይ ያው ለስላሳው ጨርቅ ነው። ለምን እንዲህ እንደተባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም። አንድ የሐምሌ ቅዳሜ፣ አስፋልቱ በሙቀት እየለሰለሰ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አደባባዩ ላይ በነፃ ሊጫወቱ መጡ። እኔ ምስርና ዘይት ተሸክሜ እያለፍኩ ነበር። ሬዲዮው ላይ ድምፃቸው የቀዘቀዘ፣ ከማሽን የወጣ ይመስላል። እዚያ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ላብ ያጠመቃቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዘፋኙ የሸበተ ፀጉሩን እንደ ድሮው አቁሞ አውራ ዶሮ መስሏል። ኪቦርድ የሚጫወተው ከራቫት አስሮ፣ ሳይስቅ ሳይነቃነቅ በሁለት ጣቱ ይነካካል፤ ዲያቆኑ ብዬ ስም አወጣሁለት። አንዱን ዘፈን ተሳስተው ጀመሩና አቆሙ፣ ተያይተው ሳቁ፣ እንደገና ጀመሩ። ሬዲዮ ተሳስቶ አይስቅም። ምስሬን መሬት አስቀምጬ እስከ መጨረሻው ቆምኩ፤ ዘይቱንም እዚያው ረስቼው ገባሁ።

ከዚያ በኋላ በአካባቢው በመጡ ቁጥር መሄድ ሆነ ሥራዬ፤ ሜትሮና አውቶቡስ እየቀያየርኩ እስከ አሌክሳንድሪያ። ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ ለመስማት ይህን ያህል ይደከማል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ያው ዘፈን አይደለም እኮ። አንድ ቀን ያስረዝሙታል፣ አንድ ቀን ይቆርጡታል፣ አንድ ቀን ዘፋኙ ግጥሙን ይረሳና ሕዝቡ ያስታውሰዋል። እኔ ደግሞ ዲያቆኑ አንድ ቀን ይስቅ ይሆናል እያልኩ እጠብቃለሁ። ቀኑን ሙሉ መስታወት ውስጥ ለምትውል ልጅ ይህ ቀላል ደስታ አይደለም።

ችግሩ ጋሽ ከበደ ነበሩ። አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ እዚህ ታክሲ ይነዳሉ፤ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ክብራቸው ግን ጣሪያ የሚነካ ሰው ናቸው። ከፍርድ ቤት የተረፋቸው አመል ሰውን ሁሉ መጠየቅ ነው። አዲስ ሰው ካዩ ስሙን ከነአያቱ፣ መቼ እንደመጣ፣ በማን በኩል እንደመጣ፣ የት እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። ክፋት የላቸውም፤ መዝገብ ሳይከፍቱ ሰው መተዋወቅ አይሆንላቸውም እንጂ። ያ ዘመን ደግሞ የአገር ቤት ፖለቲካ የጦፈበት፣ ሀበሻ ሀበሻን በጎሪጥ የሚያይበት ነበር። ታክሲ ተራው ላይ ሻይ ይዘው ሲጠጉ ወሬው ይቆማል፣ ወንበሩ ይነሳል። «ሰላይ ናቸው» ይባላል። እሳቸው በበኩላቸው ሰው የሚሸሻቸውን ምክንያት ሲያሰላስሉ «እነሱ ሰላይ ቢሆኑ ነው እንጂ» ይላሉ። እንዲህ ተጠባብቀው ዓመታት አለፉ። አክስቴ ሐሜቱን ታውቃለች፤ እሳቸው ይወቁት አይወቁት ግን አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን ማሞቂያውን ሊያዩ ቤዝመንት ወረዱና ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኩትን ፖስተር አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይህቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«ወንድ ነው ጋሼ። ዘፋኙ ነው፤ ድሮ የተነሳው ፎቶ ነው።»

«ወንድ ሆኖ ነው ከንፈሩን የተቀባው? ስማቸው ማን ይባላል?»

«ቬልቬት ኬትልስ።»

«ትርጉሙ?»

«የከፋይ ማንቆርቆሪያዎች።»

«በከፋይ ውኃ ይፈላል?» አሉና ደረጃውን ወጡ።

ማታውኑ ውሳኔው ወረደ፦ ወይ ማንቆርቆሪያው፣ ወይ ቤቱ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ከበደን ካስቀየምሽ እኔን እንዳስቀየምሽ ቁጠሪው» አለችኝ። ብቻዬን አፓርትመንት ሬንት ላድርግ ብል አቅሙ የለኝም፤ ቢኖረኝም ከአክስት ቤት ተጣልቶ መውጣት የማይሞከር ነገር ነው። ማንቆርቆሪያዎቹ ደግሞ በጥቅምት አሌክሳንድሪያ፣ ቀጥሎ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊጫወቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይበቃናል ብለዋል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መሀል የገባችው አክስቴ ናት። «አንተ የፍርድ ቤት ሰው ሆነህ ሳታይ ትፈርዳለህ እንዴ?» አለቻቸው። እዚህ ላይ ተያዙ። «መልካም፣ አየዋለሁ» አሉ። «አይቼ የምለው ግን ይግባኝ የለውም።»

የጥቅምቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔና እሳቸው በቀለበት መንገዱ በቤልትዌይ ወደ አሌክሳንድሪያ ቁልቁል ወረድን። የመንገዱ ዳር ዛፍ ግማሹ ቀልቶ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወንዙ ላይ ፀሐይ አርፋለች። ጋሽ ከበደ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ታክሲያቸውን አጥበዋል። መንገዱን ሙሉ ምርመራ ነው።

«ሀበሻ ይመጣል?»

«እስካሁን ከእኔ ሌላ አላየሁም።»

«የሚያውቅሽ ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

«እሱ ጥሩ ነው» አሉ።

አዳራሹ ራት እየተበላ ሙዚቃ የሚሰማበት ነው። ለመድረኩ ቀረብ ያለ ጠረጴዛ ደረሰን፤ እሳቸው መውጫውን የሚያዩበትን ወንበር መርጠው ተቀመጡ። ዓሣና ድንች አዘዝን። አስተናጋጇን ስሟን፣ የትውልድ አገሯን፣ የምትማረውን ጠየቋት፤ ልጅቷ ደስ ብሏት ስለ አያቷ ሳይቀር አጫወተቻቸው። በጋሽ ከበደ ጥያቄ የተደሰተ ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባንዱ ሲጀምር እጃቸውን አጣጥፈው ችሎት ላይ ተሰየሙ። እኔ ሙዚቃውን ትቼ ፊታቸውን ነው የማየው። ዲያቆኑን ሲያዩ «ይኼኛው ሥርዓት ያለው ልጅ ነው» አሉ፤ ልጅ የተባለው ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ነው። አውራ ዶሮው ሲዘል «ጉልበቱን ቢታከም ይሻለው ነበር» አሉ። ከንፈሩን እንዳልተቀባ አጣርተዋል። ዓሣውንም በልተዋል። ተስፋ ማድረግ ጀመርኩ።

ከዚያ ያ ዘፈን መጣ። ስለ አንዲት ጭፈራ ወዳድ ሴት ነው፤ እግሯ ሲያርፍ ወለሉ እንኳ አይሰማውም። አዝማቹ «ሶ ላይት፣ ሶ ላይት» ይላል፤ ምንኛ ቀላል ናት እንደማለት። ዘፋኙ ግን እንግሊዝ ነው። «ሶ»ን «ሰ» ይላታል፣ መጨረሻ ያለችውን «ት» ደግሞ ይውጣታል። እኔ ቃሉን ስለማውቀው በአማርኛ ጆሮ ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ግን አጠገቤ የአማርኛ ጆሮ ተቀምጧል።

«ሰላይ!» አለ አውራ ዶሮው። «ሰላይ!» አለ ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን አውጥቶ።

ጋሽ ከበደ ሹካቸውን አስቀመጡ።

በዚህ ዘፈን ላይ ዘፋኙ ከመድረክ ወርዶ በጠረጴዛዎቹ መሀል መዞር ልማዱ ነው። ሲዞር ቆየና አንድ ከራቫት ያሰሩ፣ የማያጨበጭቡ፣ ፊታቸው የተቋጠረ ሽማግሌ አየ። መድረክ የለመደ ሰው የማይስቅ ፊት ካየ አያልፍም። መጥቶ ፊታቸው ቆመ፣ ጣቱን ቀሰረባቸውና «ሰላይ!» አላቸው። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ጣቱን እየቀሰረ «ሰላይ!» አላቸው።

እጃቸውን ልይዝ ስል ተነሱ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ዘፋኙ የሚዘፍኑ መስሎት ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጋ። ስማቸውን ከነአባታቸው ከነአያታቸው ተናገሩ። ቀጥለው «እኔ ሰላይ አይደለሁም» አሉ።

እንዲያ ያለ ወፍራም ድምፅ እንዳላቸው ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ከበሮው እንደቀጠለ ነው። የዘፋኙ ዓይን በራ፤ «ሰላይ!» አላቸው እንደገና።

«አይደለሁም!»

«ሰላይ!»

«አይደለሁም አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

እሱ ያወጣል፣ እሳቸው ይቀበላሉ። በተናደዱ ቁጥር ምቱን ይበልጥ እየያዙት ሄዱ፤ ሕዝቡም «ሁም! ሁም!» እያለ ይከተላቸው ጀመር። መድረኩን ቀና ብዬ ሳይ ዲያቆኑ ይስቃል። እኔ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ያላገኘሁትን ሳቅ እሳቸው በአንድ ቀን አመጡት። ግን መች ልደሰትበት፤ ቤቱም ማንቆርቆሪያዎቹም አብረው ሲሄዱብኝ እየታየኝ ጠረጴዛው ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝ።

መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ወረደ። «ሆኜም አላውቅም» አሉ። ዘፋኙ ቃሉ ባይገባውም ድምፅ የሚያውቅ ሰው ነውና ባንዱን በእጁ ዝም አሰኘ። መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳቸው። አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ተነስቶ አጨበጨበላቸው። እሳቸውም ለችሎት እንደሚደረገው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተቀመጡ።

ስንመለስ ድልድዩን እንዳለፍን ወሬውን እኔው ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ሰላይ አይደለም እኮ ያለዎት። ሶ ላይት ነው የሚለው።»

«ትርጉሙ?»

«በጣም ቀላል ማለት ነው።»

መኪናው ትንሽ ወላወለ። «ቀላል? እኔን፣ ከበደን?»

ሳቄን ለመዋጥ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሰላይ ከመባል ቀላል መባል ሳይብስባቸው አልቀረም። ስለ አንዲት ሴት እግር እንደሆነ አስረዳኋቸው፤ እሳቸው ግን ሌላ ነገር እያሰቡ ነበር።

«ሰዉ አጨበጨበ፣ አይደል?»

«በጣም እንጂ።»

«ተነስቶ።»

«አዎ፣ ተነስቶ ነው።»

«እንግዲያው አመኑኝ ማለት ነው» አሉ።

አንድም ቃል አልገባቸውም ልል አፌን ከፍቼ ፊታቸውን አየሁ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ከንፈራቸው ግን እየሳቀ ነበር። «ታክሲ ተራው ላይ የሚሉኝን አውቃለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አንዱ እንኳ ፊት ለፊት ቢለኝ መልስ ነበረኝ። የሚለኝ አጣሁ እንጂ።»

አክስቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ፍርዱን ሰማች። «ልጅቷ ማንቆርቆሪያዎቿ ጋ ትሂድ» አሉ ጋሽ ከበደ ኮታቸውን እያወለቁ። ባንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲጫወትም ሳልጠይቃቸው ለብሰው ጠበቁኝ። የዚያን ቀን ማንም ማይክሮፎን አልሰጣቸውም፤ ሰው ቆሞ በሚጨፍርበት አዳራሽ ከኋላ ቆመው፣ አዝማቹ በመጣ ቁጥር ለራሳቸው ያህል «አይደለሁም» ይሉ ነበር። ፈገግ እያሉ ነው የሚሉት። ማንቆርቆሪያዎቹን ከዚያ ወዲያ በአካል አላየኋቸውም፤ ብዙ ባንድ አይቻለሁ፣ እንደ አሌክሳንድሪያው ቀን የተዘፈነበት ግን የለም።

ጋሽ ከበደ ካረፉ ጥቂት ዓመት ሆናቸው። ለቅሶው ላይ የታክሲ ተራ ሰዎች ሁሉ መጥተው ነበር። ድሮ ወንበሩን አንስቶ ይሄድ የነበረው ሰውዬ ሳህኑን ይዞ «እንደ ጋሽ ከበደ ግልጽ ሰው አላየሁም» ሲል ሰማሁት። ውሸቱን አልነበረም፤ ከልቡ ነው ያለው፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። አንድ ቃል ያልገባው ያ ሁሉ ፈረንጅ ቆሞ ሰምቷቸዋል። እኛ ቋንቋቸውን የምንሰማው፣ እኔም አክስቴም ጭምር፣ «እውነት ነው ወይ?» ብለን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅናቸውም።