ጋሮምሳና የእትዬ ጂቱ ሆም ቴአትር

አዳማ ውስጥ ጣሪያ ላይ ውሎ የሚገባ ሰው ሁለት ባላጋራ አለው፤ አንዱ ፀሐይ ነው፣ ሌላው ነፋስ። ጋሮምሳ ከሁለቱም ጋር ታርቆ የሚኖር ሰው ነው። ከቡልቡላ የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነበር፤ ዲሽ ሲያስተካክል፣ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሲሰቅል፣ ስፒከር ሲያገናኝ ዕድሜው ሠላሳን አለፈ። የፍራንኮ ሰፈር ሰው መልኩን ሳያውቅ ድምፁን ያውቀዋል። ከቆርቆሮው ላይ ሆኖ «መጣ?» ብሎ ይጮሃል። ከሳሎን «አልመጣም!» ይሉታል። «አሁንስ?» «መጣ... ኧረ ሄደ!» «አሁን?» «መጣ፣ መጣ! እንዳትነካው!» ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ሲሰማ ምንም የማይመለከተው ጎረቤት እንኳ ደስ ይለዋል።

አንድ የታወቀ አመል ደግሞ አለው። ሥራውን ጨርሶ፣ ፒንሳና ካቻቢቴውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ አንድ መዝሙር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሰማ ከሰው ቤት አይወጣም። ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚቀመጥ አንዳንዱ ባለቤት ጸሎት የያዘ መስሎት ጫማውን አውልቆ በእግሩ ጣት ይራመዳል። «ድምፅ እንግዳ ነው፤ ተደላድሎ መቀመጡን ሳላይ አልሄድም» ይላል ሲጠይቁት። እስካለፈው ዓመት ድረስ እሱ ያገናኘው ነገር ተበላሸ ብሎ ደግሞ የጠራው ሰው አልነበረም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው ስም የሚያጠፋ ሆም ቴአትር ከየት መጣ? ከሀኒ መጣ።

ሀኒ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። እሑድ እሑድ ደግሞ ጋሮምሳ የድምፅ ማሽኑን በሚቆጣጠርበት ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች። የእሷን ማይክ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ እንደሚያደርገው መዘምራኑ ሁሉ ካወቁ ቆይተዋል፤ እየሳቁ ዝም ይሉታል። ሁለቱ ሊጋቡ ከተስማሙ ከርመዋል። የቀሩት እናቷ እትዬ ጂቱ ብቻ ነበሩ።

እትዬ ጂቱ ጡረታ የወጡ የእጅ ሥራ መምህር ናቸው። ዛሬ እናት የሆኑ የሰፈሩ ሴቶች ክር መጠምጠም የተማሩት ከእሳቸው ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ኪሮሹ ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ በር ሳያንኳኳ ስለሚገባ፣ በእሳቸው ቤት ራቁቱን የሚያድር ዕቃ የለም፤ ፍሪጁ፣ ሶፋው፣ ሬዲዮኑ፣ የውሃው ጀሪካን ሳይቀር ዳንቴል ለብሷል። ሀኒ በዚህ ስታድግ ዳንቴሉን ማየት ትታለች። «በቤታችን ያመለጠችው ድመቷ ብቻ ናት» ብላ ትቀልዳለች።

ምክሩን ያመጣችውም እሷ ናት። «እማዬ መዝሙር ትወዳለች። ሆም ቴአትር እገዛላታለሁ፤ አንተ ታገናኝላታለህ። ሥራህን አይታ ትወድሃለች፤ ከዚያ ሽማግሌ ትልካለህ።» ምክሩ ያማረ ነበር። ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ምንም አልቀራት።

ጋሮምሳ ስፒከሮቹን በየማዕዘኑ ሰቀለ። ትልቁን የቤዝ ሳጥን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሁሉንም የሚያዘውን አምፕሊፋየር ከቴሌቪዥኑ ሥር አደረገ፤ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ ገመዱን ዘረጋ። ሲከፍተው መዘምራኑ በሙሉ ሳሎኑ ውስጥ የቆሙ መሰለ። እትዬ ጂቱ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። «ገላቶማ፣ ልጄ፤ እጅህ ይባረክ» አሉት። ጋሮምሳ ጮቤ እየረገጠ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለለት።

«ልጄ፣ ያ ዕቃህ ዝም አለ እኮ! ይጀምርና መሀል ላይ ጭጭ ይላል። ሪሞቱንም አይሰማም። ድምፁም ቢሆን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው።»

በባጃጅ በረረ። ደርሶ ሪሞቱን ሲጫን ሆም ቴአትሩ እንደ ሠርግ ቤት አስተጋባ። አንድ መዝሙር ሰማ፤ ሌላም ደገመ፤ ምንም የለበትም። ለማንኛውም ብሎ ገመዱን ቀየረ። እሱ በወጣ ማግሥት ዕቃው ዳግመኛ ዝም አለ። ተመልሶ የሪሞቱን ባትሪ ቀየረ። ደግሞ ዝም አለ። በሦስተኛው የመብራቱን መዋዠቅ አመካኝቶ ማስተካከያ ገጠመለት። እሱ ባለበት ይዘምራል፣ ሲሄድ ይሞታል። በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ያስተውል ነበር፤ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ዳንቴል የሌለው ሆም ቴአትሩ ብቻ ነው። «ገና ሠርተው አልደረሱለትም» ብሎ አለፈው።

ሽማግሌ ሊላክ ሲል ሀኒ ለእናቷ ነገረቻቸው። የሰጡትን መልስ ደግሞ ለጋሮምሳ በስልክ አደረሰችለት፤ ልትስቅ እየሞከረች።

«ልጁ ጨዋ ነው፣ አልጠላሁትም አለች። ግን ሦስት ገመድ አገናኝቶ ማሰንበት ያቃተው ሰው ትዳር እንዴት ያሰነብታል አለች።»

ጋሮምሳ ያን ጊዜ ጣሪያ ላይ ነበር። «መጣ?» ማለቱን ረስቶ ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለ። ከታች ባለቤቲቱ «ኧረ የት ሄድክ?» እያሉ ይጣራሉ። ስሙ መጥፋቱ ከንክኖታል፤ ከዚያ ይልቅ ግን ሀኒን እንዳያጣ ፈራ። ቢሆንም ሽማግሌዎቹን ከመላክ ወደኋላ አላለም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ኦቦ መርዳሳ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ወደ እትዬ ጂቱ ቤት ገቡ። ኦቦ መርዳሳ ጋሮምሳን ከቡልቡላ ጀምሮ የሚያውቁት የአባቱ ጓደኛ ናቸው። ሽማግሌ የላከ ወጣት በዚያ ቀን የልጅቷን ደጅ አይረግጥም፤ ስለዚህ ጋሮምሳ መንገዱ ማዕዘን ላይ ካለው ጁስ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ጀመረ። ያዘዘው የአቮካዶ ጁስ ሳይነካው ፊት ለፊቱ ደረቀ። ከልምድ ብዛት የሥራ ቦርሳውን ሳያስበው ይዞ መጥቷል።

ስልኩ ጮኸ። ኦቦ መርዳሳ ናቸው።

«ፒንሳና ካቻቢቴህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ፤ ምነው ኦቦ?»

«ነገሩን ገና ከመጀመራችን ዕቃው መዝሙሩን መሀል ላይ ቆርጦ ዝም አለብን። ‹አያችሁ? ሌላ ምስክር አልፈልግም› አሉ እናትየዋ። እኔም ያሰረው መጥቶ ይፍታው አልኩ።»

«ኦቦ፣ እኔ ዛሬ እዚያ ቤት እንዴት እገባለሁ?»

«ሙሽራማ አይገባም። ሠራተኛ ግን ይገባል። ቶሎ በል!»

ጋሮምሳ እየሮጠ ደረሰ። ሀኒ በጓዳው በር ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጣሪያውን ያያሉ፣ ሌላው ጫማቸውን። ኦቦ መርዳሳ ደግሞ አይተውት እንደማያውቁ ሰው «እንደምን ዋልክ፣ የኔ ልጅ? ሠፈርህ እዚህ ነው?» አሉት። እትዬ ጂቱ በጣታቸው ወደ ሆም ቴአትሩ አመለከቱ።

ያን ጊዜ አየው። ስፒከሮቹ እያንዳንዳቸው ገበር ያለው ነጭ ዳንቴል ለብሰው ወገባቸውን በሪባን ታስረዋል። የቤዙ ሳጥን እንደ ሙሽራ እስከ መሬት ተሸፍኗል። አምፕሊፋየሩማ ከአናቱ እስከ እግሩ ተጠቅልሎ፣ ሙቀት የሚያስወጣበት ቀዳዳም ሆነ ከሪሞቱ ጋር የምትነጋገረው ትንሿ ዓይኑ አይታይም። በእጁ ቢነካው እንደ ካውያ ይፋጃል።

ነገሩ ሁሉ ባንዴ ገባው። እትዬ ጂቱ እሱ በመጣ ቁጥር፣ የሠራተኛ እጅ ዳንቴሉን እንዳያቆሽሽ ቀድመው ያወልቁት ነበር። ዕቃው ይቀዘቅዛል፣ ዓይኑም ይገለጣል። እሱ ሲሄድ መልሰው ያለብሱታል፤ ያኔ በአዳማ ሙቀት ታፍኖ ራሱን ያጠፋል። ዛሬ ግን ማውለቂያ ጊዜ አላገኙም።

አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ስሙ በሽማግሌ ፊት ይነጻ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደረሰ። ከዚያ ቀና ብሎ እትዬ ጂቱን አያቸው፤ በጣም የተዋጣውን ሥራቸውን ለእንግዳ ብለው ለዕቃው አልብሰው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አሳዘኑት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ» አለ። «ሙቀት እንደሚፈራ ሳልነግርዎት ሄድኩ። አዳማ እየኖርኩ ሙቀትን ረሳሁት። እስቲ መጀመሪያ እጄን ልታጠብ።»

በሳሙና ታጠበ። ዳንቴሉን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ ጫፍና ጫፉን አጋጥሞ አጠፈ፣ በሁለት እጁ ለእትዬ ጂቱ ሰጣቸው። ኦቦ መርዳሳ ለሽምግልና ያደረጉትን ባርኔጣ አውልቀው አምፕሊፋየሩን ያራግቡለት ጀመር። በረድ ሲል ጋሮምሳ ሪሞቱን ተጫነ፤ መዝሙሩ ቤቱን ሞላው።

እትዬ ጂቱ ግን መምህር ናቸው፤ ያልገባቸውን ነገር ዝም ብለው አያልፉም። ሪሞቱን ተቀበሉት። ዳንቴሉን በትንሿ ዓይን ላይ ጣል አድርገው ተጫኑ፤ አልሰማም። አነሡት፤ ሰማ። ደግመው ጣሉት፤ አልሰማም። ከዚያ ሶፋው ላይ ዘፍ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ወይ ጉዴ! ሦስት ጊዜ አመላልሼህ፣ ስምህን አጥፍቼ! ያፈንኩት ለካ እኔ ነኝ! አንተ ገና ስትገባ አይተኸዋል፤ ለምን አልተናገርክም?»

«ሥራው በጣም ያምራላ፣ እትዬ» አለ ጋሮምሳ።

ሽማግሌዎቹ ጊዜው አሁን ነው ብለው ልጅቷን ሊጠይቁ ተነሡ። እትዬ ጂቱ ወዲያው ፊታቸውን ሰበሰቡ። «ደንብ ደንብ ነው። ከዘመድ መምከር አለብኝ፤ ለሳምንት ተመለሱ» አሉ። ወደ ጋሮምሳ ዞረው ደግሞ «ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት የሳጥኖቹን ልክ ይስጠኝ። በየት በየት እንደሚተነፍሱም ያሳየኝ» አሉት።

ሳምንቱ አልገፋ አለው። «እማዬ ክር ገዝታ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፤ ስጠይቃት አትመልስልኝም» ትለዋለች ሀኒ። እሑድ ሲደርስ ጋሮምሳ ያው ጁስ ቤት ተቀመጠ። ኦቦ መርዳሳ ፌስታል አንጠልጥለው፣ ፊታቸውን አኮሳትረው መጡ።

«ምን አሉ?»

«ይህን ስጡልኝ አሉ።»

ጋሮምሳ ፌስታሉን ከፈተ። ነጭ ዳንቴሎች ናቸው፤ ስፒከሩ ድምፅ በሚያወጣበት በኩል ክብ መስኮት አላቸው። ለአምፕሊፋየሩ የተሠራው አናቱም ፊቱም ክፍት ነው። ዛሬም ለሥራ ብቻ የፈለጉት መሰለው።

«ሄጄ ላልብስላቸው?»

«የእሳቸውማ ለብሷል፤ አሁን አይቼው መጣሁ።»

«ታዲያ ይሄ የማን ነው?»

ኦቦ መርዳሳ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ የእሱን ጁስ አንሥተው አንድ ጊዜ ጠጡና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ስትጋቡ በእናንተ ቤት አቧራ አይገባም እንዴ?»

ጋሮምሳ ዳንቴሉን እንደያዘ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስልኩ ጠራ፤ ሀኒ ናት።

«መጣ?» አለችው።

«መጣ፣ መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ የጁስ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። «እንዳትነኪው!»