መርከቡን ከውጭ የሚያየው ማነው?

ባሌ ጀማለዲን፣ አላህ ይርሐመው፣ የሚያምነው ነገር አልነበረም። ሱቃችን ጨው ሲገባ ሳይቀምስ አይቀበልም። ጨው እኮ ነው! ጨው ደግሞ ምን ይሆናል? «ጨው ነው ያለው ማነው?» ይለኛል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝለት መጀመሪያ «አንተስ ሲያምህ ይህን ነው የምትውጠው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔን ሊያገባ ሲያስብ እንኳ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አንድ ክረምት ሙሉ ከአባቴ ደጅ ፊት ለፊት ቆሞ ቆሎ እየቆረጠመ ሲያጠናኝ ከረመ። እኔ ጅሏ ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ቆሎ ሲወድ!» እያልኩ እስቅ ነበር።

ሰው ሲወቅሰው መልሱ አንድ ነው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። በዚያ ዘመን ደግሞ ምን ይባላል? ደርግ ነው። ጎረቤት ሰላም ሲልህ «ዛሬ ለምን ሰላም አለኝ?» የምትልበት ጊዜ ነው። ጀማለዲን ከስልጤ አገር በልጅነቱ ወጥቶ፣ መርካቶ ሸክም ተሸክሞ፣ በመጨረሻ እዚህ የካ ጥግ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ከሱቋ በላይ ያለው ባሕር ዛፍና እንጦጦ ብቻ ነበር። ያችን ሱቅ ከስንት ነገር አተረፍኳት የሚለው በመጠርጠሩ ነው።

በሰባ ስምንት ጎረቤቶቻችን አስቴርና ጉደታ ቴሌቪዥን ገዙ። ግድግዳቸው ከግድግዳችን የተጣበቀ ነው። እሷ ነርስ ናት፣ እሱ የመሥሪያ ቤት ሂሳብ ሠራተኛ። ጴንጤዎች እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ ግን ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ሲጸልይ የተገኘ እስር ቤት ስለሚገባ፣ እነሱም ነገሩን ትተውታል ብለን ነበር። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ምሽት አንድ የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም ይታይ ጀመር፤ በሰማይ መርከብ ከኮከብ ኮከብ የሚዞሩ ሰዎች ታሪክ ነው አሉን። አሥር የሚሆን ሰው እየመጣ አስቴር ቤት ይገባል፤ የፊልሙ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ የእኛን ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። ይሁንላቸው፣ ይዩ! እኔ ምን ቸገረኝ?

አንድ ቅዳሜ ፊልሙ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥን እየታየ መብራት ሲጠፋ መቼም ታውቃላችሁ፤ ከየቤቱ «ኧረረረ!» የሚል ጩኸት ይነሳል፣ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ይራገማል። የታች ሰፈር ጮኸ። የላይ ሰፈር ጮኸ። ከአስቴር ቤት ግን ጭጭ። ጀማለዲን ኩራዝ ሊለኩስ የጫረው ክብሪት ጣቱን እስኪለበልበው ድረስ ግድግዳው ላይ አፈጠጠ።

«ሰማሽ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ምንም አልሰማሽም አይደል? አሥር ሰው ፊልም እያየ መብራት ሲጠፋበት አንድ እንኳ ወይኔ የሚል ይጥፋ?»

«ጨዋዎች ስለሆኑ ነዋ!»

«ፋዲላ፣ በዚህ ነገር ጨዋ የለም።»

አርፈህ ተቀመጥ አልኩት። ሰምቶኝ ሞቷል! በሚቀጥለው ቅዳሜ መግሪብ ሰግዶ እንዳበቃ ጋቢውን ደረበና «ተነሺ፣ ፊልም ልናይ ነው» አለኝ። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጎረቤቱን ከደጅ አይመልስም፣ ነውር ነው። ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ደጁ ላይ የጉደታ ወንድም ኤጀታ አንቴናው የታሰረበትን ባሕር ዛፍ ታቅፎ ቆሟል። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ አንቴና ስለሚያዞር በየቤቱ አንድ ሰው ውጭ ይቆማል፤ «መጣ?» «ሄደ!» «ትንሽ መልሰው!» መባባል ነው። ኤጀታ ግን እኛን ሲያይ ስለ ምስሉ ምንም ሳይል «እንግዳ መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ስንገባ ሁሉም ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብለው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። አስቴር ፈገግ ልትል ሞከረች፣ ከንፈሯ ግን እምቢ አላት። «ጋሼ ጀማል! ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ» አለች። ጉደታ ደንግጦ የራሱን ወንበር ለቀቀለት። ጀማለዲን ተቀመጠ፤ ተቁነጠነጠ፤ የወንበሩን ትራስ በእጁ ደባበሰ።

እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መርከብ ይሉታል እንጂ ውሃም የለው፣ ሸራም የለው፤ የተደፋ ድስት ነው የሚመስለው። ውስጡ አምስት ሰዎች አሉ፣ አንዷ ሴት ናት፤ ምድራቸው ጠፍታባቸው ሌላ ምድር ይፈልጋሉ። በሩ ማንም ሳይነካው ብርግድ ይላል። ፊት የሌለው ማሽን ከጣሪያ ላይ ሆኖ ያዝዛቸዋል፣ እነሱም እሺ ይላሉ። ወላሂ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ጀማለዲን ግን መርማሪ ሆኖ ቁጭ አለ። «በሩን የሚከፍተው ማነው? ከኋላ የቆመ ሰው አለ።» «ምንድነው የሚበሉት? አንድ ጆንያ እህል እንኳ አላይም።» «ይሄ ከጣሪያ የሚያዝዘውስ ፊቱን ለምን ይደብቃል? ፊቱን የሚደብቅ አዛዥ እኮ...» ብሎ ሲጀምር በክርኔ ጎሸምኩት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ንግግር አይጨረስም። መርከቡ በጥቁሩ ሰማይ ሲያልፍ ደግሞ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ቆይ ቆይ! ሰዎቹ ሁሉ ውስጥ ናቸው። ታዲያ መርከቡን ከውጭ ሆኖ የሚያየው ማነው?»

አስቴር እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጉደታ፣ ለመሆኑ የአለቅየው ስም ማነው?» አለ ጀማለዲን።

ጉደታ ወደ አስቴር አየ፣ አስቴር ወደ መሬት። ይህን ሁሉ ቅዳሜ ሲያይ የከረመ ሰው የመርከቡን አለቃ ስም አያውቅም።

ቤታችን ስንገባ ጀማለዲን በሩን ቆልፎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ፊልም አያዩም፣ ይጸልያሉ» አለኝ። «ድምፁን የሚያስጮኹት ጸሎታቸው ውጭ እንዳይሰማ ነው። ኤጀታ የሚጠብቀው አንቴና ሳይሆን መንገዱን ነው። የተቀመጥኩበት ትራስ ውስጥ መጽሐፍ አለ።»

«ታዲያ አንተን ምን አገባህ?»

«እንጃ» አለ። ጀማለዲን እንጃ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቅዳሜ አልቀረም። ሁልጊዜ እዚያችው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሁልጊዜ ይጠይቃል፣ ሁልጊዜ ይጠረጥራል። እነሱም ምን ያድርጉ? ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክለው በልባቸው ይጸልያሉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ስንመለስ ጀማለዲን «መጽሐፉ ዛሬም እዚያው ነው» ይለኛል። ቢያነሱት ይበልጥ እንዳይነቃባቸው ፈርተው መሰለኝ። ይህን ለምን እንደሚከታተል ስጠይቀው ግን ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል።

ይባስ ብሎ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ሠረቀብርሃን ሱቃችን ይመላለስ ጀመር። ጀማለዲንን ወደ ጓሮ እየወሰደ ያንሾካሹክለታል። ምን አለህ ስለው «የስኳር ነገር ነው» ይለኛል። የስኳር! ሱቃችን ስኳር ካየ ስንት ዘመኑ!

አስቴርም አየቻቸው። በማግስቱ ጨው ልግዛ ብላ መጣችና ጨውን ረስታ ቆመች።

«እትዬ ፋዲላ፣ ጋሼ ጀማል ከኛ ምን ፈልገው ነው?»

«ፊልሙን ወዶት ነው» አልኳት።

«ሁለት ልጆች አሉኝ» አለችና ሄደች።

እውነቱን ልናገር፣ ባሌን ፈራሁት። ሁሉን ሲጠረጥር የሳቅኩበት እኔ፣ እሱን ራሱን ጠረጠርኩት። እራት ሳቀርብለት ፊቱን እያየሁ፣ ይሄ ሰው እነዚያን ልጆች ያለ እናት ሊያስቀር ነው እላለሁ። እህል አልበላ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ተቀምጠን ሳለ ኤጀታ ከውጭ «ምስሉ ሄደ?» ብሎ ጮኸ። ምስሉ ጥርት ብሎ ነበር። ወዲያው ጓድ ሠረቀብርሃን ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባና፣ ሰላም እንኳ ሳይል ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«ምን ስብሰባ ነው?»

«ፊልም ነው፣ ጓድ» አለ ጉደታ።

«ፊልም። ጥሩ። ባለፈው ቅዳሜ ምን ሆነ? ንገረኝ እስቲ።»

ጉደታን ላብ አጠመቀው። «መርከቡ... ሄደ» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ሌላ ቦታ።»

ሠረቀብርሃን ፈገግ አለ፤ ያች ፈገግታው ከቁጣው የከፋች ነበረች። ወደ አስቴር ዞረ፣ አስቴር አቀረቀረች። ከዚያ ወደ ባሌ ዞረ። «ጀማለዲን፣ አንተ ታውቃለህ። እዚህ ቤት የሚደረገውን ተናገር።»

ያ ረቢ!

ጀማለዲን ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓድ፣ እነሱን ምን ያስጨንቋቸዋል? ፊልሙን ያሳጣኋቸው እኔ ነኝ። ይሄ ማነው፣ ያ ማነው እያልኩ አንድ ቀን እንኳ በሰላም አላዩም። እኔ ልንገርዎት። አምስት ነበሩ አይደል? ባለፈው ቅዳሜ ስድስተኛ ሰው ተገኘ። መቼ እንደገባ የሚያውቅ የለም። አብሮ ይቀመጣል፣ አብሮ ይስቃል። አለቅየው አመነው፤ ሴትዮዋ አላመነችውም። እኔ ግን ገና ብቅ ሲል በጫማው ነቃሁበት። የሌሎቹ ጫማ አቧራ ለብሷል፣ የሱ ያብረቀርቃል።»

ጓድ ሠረቀብርሃን ሳያውቀው የራሱን ጫማ አየ። ጀማለዲን ቀጠለ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አይሰማም፤ ግማሹን ከራሱ ነው የፈጠረው። ግን እንዴት አድርጎ እንደተናገረው! ጠመንጃ ያዦቹ አንገታቸውን አስግገው ይሰሙታል።

«ታዲያ ስድስተኛው ሰው ምን ፈልጎ ነው?» አለ ሠረቀብርሃን።

«እሱን ዛሬ ሊያሳዩን ነበር። እርስዎ አጠፉብን።»

ከጠመንጃ ያዦቹ አንዱ «ጓድ፣ ይከፈትና እንየው» አለ። ሠረቀብርሃን ራሱ ከፈተው። ከዚያ የሚቀመጥበት ፈልጎ ወደ ጀማለዲን ወንበር መጣ። ለኃላፊ ከወንበር መነሳት ወግ ነው፤ ባሌ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጓድ፣ ኪንታሮት አለብኝ። ያለ ትራስ መቀመጥ አልችልም።»

ኪንታሮት! ያ ሰው ኪንታሮት ኖሮበት አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፣ ሚስቱ ነኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንባዬ መጣ፣ ሳቄም መጣ፣ ሁለቱንም በነጠላዬ አፈንኩት። አስቴርም ገባት፤ ዓይኗ ከትራሱ ወደ እኔ መጣና እዚያው ቀረ። ጉደታ ለሠረቀብርሃን በርጩማ አቀረበለት።

ፊልሙ ቀጠለ። ስድስተኛው ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሟል። ሴትዮዋ ከኋላው ቀስ ብላ ቀረበችው። ትከሻውን ይዛ ልታዞረው እጇን ስትዘረጋ... መብራት ጠፋ።

«ኧረረረ!» ብሎ መጀመሪያ የጮኸው ጓድ ሠረቀብርሃን ነው። ከዚያ ጀማለዲን፣ ከዚያ ጠመንጃ ያዦቹ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው አስቴር ናት። እየጮኸች ስታለቅስ በጨለማው ማንም አላወቀባትም፣ እጇን ይዤ ከነበርኩት ከእኔ በቀር።

ሠረቀብርሃን ጥቂት ጠብቆ መብራቱ አልመጣ ሲል እየተነጫነጨ ወጣ። «የመጨረሻውን ትነግረኛለህ» አለው ጀማለዲንን ደጅ ላይ።

ሻማ በራ። ጀማለዲን ከወንበሩ ተነሳና ትራሱን ለጉደታ አቀበለው። «ለዚህ ሌላ ቦታ ፈልጉለት። መጽሐፍ ላይ ስቀመጥ የከረምኩትን አላህ ይቅር ይበለኝ። ጸሎታችሁንም ወደ ማክሰኞ አዙሩት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተርጓሚ ያስፈልገኛል» አለ። አስቴር ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ሸሽቷት ወጣ።

ቤታችን ገብተን ገና ሳንቀመጥ ጀመርኩት። «ለምን አልነገርከኝም? ስንት ቀን እህል እምቢ ብሎኝ!»

«ፊትሽ ምስጢር አይችልም።»

«ያ ሰውዬስ ጓሮ እየወሰደ ምን ነበር የሚልህ?»

«ግድግዳህ አንድ ነው፣ ጆሮህን ለጥፍ፤ በመስኮትም እያየህ ንገረን ነው የሚለኝ። ፊልም ነው የሚያዩት ብለው አላመነኝም፣ አንድ ቀን ራሱ እንደሚመጣ አውቄ ነበር።» ጋቢውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። «ከውጭ የሚያይማ መቼ ጠፋ፣ ፋዲላ? እኔ ከውስጥ ልቀመጥ ብዬ ነው።»

ይህን ብሎ በሩን ቆለፈ። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ መቆለፉን አየ።