አንድ መሣሪያ ለሁለት ልብ

ይህ የሆነው ያለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ሰው ሁሉ ዕድለኛ ነሽ ይለኛል። ነገሩ የዕድል ስላልነበረ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

የጉና ሰው ነኝ፤ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ዳገት ድሮ ለእኔ ምንም አልነበረም። በኋላ ግን እግሬ አበጠ፤ ተጋድሜ መተንፈስም አቃተኝ። የደብረ ታቦሩ ሐኪም ልብሽ ደክሟል ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ለወራት ብወስድም ስላልበረታሁ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከኝ።

እዚያ ልቡ ከደከመ ወጣት መምህር ጋር ጎን ለጎን ተኛን። እናቱ ታስታምመዋለች። አንድ ቀን ለልብ የሚገባ መሣሪያ በእርዳታ እንደመጣና አንድ ብቻ እንደቀረ ተወራ። እናቱ ወደ አልጋዬ ጠጋ ብላ፣

«እትዬ፣ እርስዎ የልጅ ልጅ አይተዋል። የእኔ ልጅ ገና አላገባም» አለችኝ።

አዘንኩላት፤ ተናደድኩም። ሽበቴን አይቶ ከተራዬ የሚያስወጣኝ ማን ነው? ለሽበቴ አዝነው እንዲሰጡኝም አልፈለግሁም።

ሐኪሙ ሲመጣ ዕጣ ይጣል አልኩት። እኛ ዘንድ ለቅርጫ በሬ ሲታረድ ሥጋው በመደብ ይከፈላል። ሁሉም ጠጠር ወይም ጭራሮ ይሰጣል፤ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጥለዋል። ማንም አይቀየምም። ከቀሚሴ ላይ አዝራር በጥሼ ሰጠሁት። ልጁም የእስክሪብቶውን ክዳን አቀበለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ አስረዳኝ። መሣሪያው ለደከመ ልብ ሁሉ አይሆንም። የአንዳንዱ ሰው ልብ ቀኙ ከመታ በኋላ ግራው ዘግይቶ ይከተላል፤ ስለዚህ ደሙን አንድ ላይ መግፋት ያቅተዋል። መሣሪያው በቀጫጭን ሽቦዎች ሁለቱን ጎኖች አብረው እንዲመቱ ያደርጋል። ድሮውንም አብረው ለሚመቱ ግን አይጠቅምም።

«ዕጣው ለማይጠቅመው ቢወጣስ፣ እናቴ?» አለኝ።

ዕጣ የሚጣለው ለሁሉም እኩል በሚጠቅም ነገር ላይ ነው። አዝራሬን መልሼ ተቀበልኩ።

«እንግዲያው ልባችንን እይ እንጂ ፊታችንን አትይ» አልኩት። «ውጤቱንም ሁለታችንም ባለንበት ተናገር።»

እንዳልኩት አደረገ። የልባችን ምት የታተመበትን ወረቀት ጎን ለጎን ይዞ አሳየን። የእኔ ግራ ጎን በጣም ይዘገያል። የልጁ ልብ ደካማ ቢሆንም ሁለቱ ጎኖች አብረው ይመታሉ፤ ለእሱ የሚሻለው መድኃኒቱን መቀየር ነው ተባለ። እናቱ ወረቀቱን ደጋግማ አየች። ከዚያ አልጋዬን አነጠፈችልኝ።

መሣሪያው ከአንገቴ አጥንት በታች፣ ከቆዳዬ ስር ገባ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እብጠቱ ጎደለ፤ ትንፋሼም ተመለሰ። ዘንድሮ ገብሱ ሲታጨድ ከምራቶቼ ጋር ዋልኩ። ልጁም በአዲሱ መድኃኒት ቀስ በቀስ ተሽሎት ማስተማር እንደጀመረ ደውሎ ነግሮኛል።

ለልጁ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ምን ትዪ ነበር የሚሉኝ አሉ። ደስ ይለኝ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ አለቅስ ነበር። ግን ወረቀቱን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ጋቢዬን ለብሼ ወደ ጉና እመለስ ነበር እንጂ አንድ የቅሬታ ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። የምኮራው በዚህ ነው።